ስለ ምሥጢር ፈላጊ ተመልካች

ምሥጢር ባለበት ነገር መትጋት የሰው ጠባይ ነው። ምሥጢር አለበት ብሎ ዓመታት ሙሉ በአንድ ታሪክ የተጋ ሰው ትጋቱ ቢበርድ ግን ሰነፈ ይባላልን? ወይስ ነቃ ይባላል?

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ኤቢሲ በሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በስድስት ክፍል የታየው ሎስት የተባለው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ምስክር ይሆናል። ነገሩ ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር በአንዲት ደሴት ላይ የወደቀ አይሮፕላንና ከሞት የተረፉ መንገደኞች ታሪክ ነው። በዚያ ሞቃት ደሴት የበረዶ አገር ነጭ ድብ ይታያል፤ 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23 እና 42 የሚሉት ቍጥሮችም አንድ ጊዜ በሎተሪ፣ አንድ ጊዜ ከመሬት በታች ባለ ቤት መግቢያ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ቢደመሩ 108 ናቸው፤ በዚያ ቤት ያሉትም ሰዎች በየ108 ደቂቃው እነዚህን ቍጥሮች በኮምፒዩተር ይጽፋሉ።

ይህን ያየ ተመልካች መምህሩ ቅኔ ሲዘርፍ እንደ ሰማ ደቀ መዝሙር ሆነ። በአንድ መዝጊያ ላይ ለጥቂት ሰከንድ የታየውን ካርታ ሥዕሉን አቁሞ ፊደል በፊደል ገለበጠ። ደሴቲቱ ሙታን ከፍርዳቸው በፊት የሚቈዩባት ስፍራ ናት ያለም ነበረ፤ ደራስያኑ አይደለችም ቢሉት አልሰማም።

ነገር ግን ባለቅኔ አፉን ሳይከፍት ወርቁን ያውቀዋል፤ ሰሙን የሚያለብሰው ላወቀው ወርቅ ነው። ስለዚህ ቅኔ የሚፈታ ደቀ መዝሙር ሌሊቱን ሁሉ ቢደክም ያለውን ነገር ይፈልጋል። ይህ ታሪክ ግን እየታየ የሚጻፍ ነበረ፤ የሚያልቅበት ዘመን እንኳ የተቈረጠው ሦስተኛው ክፍል ሲፈጸም በ2007 ዓ.ም. ነው። ወርቅ ሳይኖረው ሰም የሚቀርጽ አንጥረኛ ቢኖር የሚነቀፈው አንጥረኛው ነው እንጂ ገዢው አይደለም። (ድቡስ በኋላ መልስ አግኝቷል፤ ተመራማሪዎች ለሙከራ ያመጡት ነበረ። ለዚህ ነበረን ያ ሁሉ ድካም? ያሰኛል።)

ከድካሙ ይልቅ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። በዚያው በ2007 ዓ.ም. በታየው ክፍል ቻርሊ የተባለው ዘፋኝ ወዳጁ እንዳይሰጥም በሩን በራሱ ላይ ዘግቶ፣ ውኃ በሚሞላበት ጓዳ ውስጥ ይቀራል። በመዳፉም ላይ፣ መርከቡ የፔኒ አይደለም፣ ብሎ ጽፎ በመስተዋት በኩል ለወዳጁ ያሳያል። ምሥጢር ፈላጊው ወዲያው፣ እንግዲያ መርከቡ የማን ነው? አለ። ስለ ወዳጁ የሚሞት ሰው ፊት ለፊቱ ሳለ እርሱ መዳፉን ብቻ አነበበ፤ ለኀዘንም ጊዜ አልነበረውም።

መርከቡ የማን እንደ ሆነ በኋላ ተገለጠ፤ ዛሬ ይህን ለመስማት የሚቸኵል የለም። ትጋቱ የበረደ ሰው ግን ያንኑ ክፍል ዳግመኛ ቢያየው ከጽሕፈቱ በኋላ የሚሆነውን ያያል፤ ቻርሊ ውኃው ውስጥ ሆኖ አማትቦ ይሞታል።