ገሃነምን የፈራው ልጅና ካሜራው

ኖርዌያዊው ሠዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ እናቱን እ.ኤ.አ. በ1868፣ ታላቅ እህቱን ሶፊን ደግሞ በ1877 በሳንባ ነቀርሳ ያጣ ሲሆን፣ የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበሩት አባቱም በሃይማኖታቸው እጅግ የጸኑ፣ የኃጢአት ፍርሃት የማይለያቸው ሰው ስለነበሩ፣ በሽታና የዘላለም ኵነኔ በልጁ ልቡና ተቆራኝተው አደጉ። ይህ ፍርሃት በሥዕሎቹ መገለጡ የታወቀ ነው፤ በፎቶግራፎቹ ውስጥ ግን የበለጠ ጥልቅ ጥያቄ ያነሳል።

ሙንክ በ1902 በርሊን ውስጥ አነስተኛ የኮዳክ ካሜራ ገዝቶ ነበርና፣ ከ1908 መጨረሻ ጀምሮ በኮፐንሃገን የነርቭ ክሊኒክ ተኝቶ ሲታከም ራሱን ደጋግሞ አነሳበት። የካሜራው መዝጊያ ለረዥም ጊዜ ክፍት ሆኖ ሲቆይ የሚንቀሳቀስ አካል ስስ ሆኖ ስለሚቀረጽ፣ በአንዳንዶቹ ምስሎች ከጀርባው ያለው ዕቃ በገላው ውስጥ አልፎ ይታያል። በመታጠቢያ ገንዳ አጠገብ የተነሳውን ምስል የሰየመው፣ ለቆዳ ሕመሙ በተዘፈዘፈበት ገንዳ ውስጥ በ1793 በተገደለው ፈረንሳዊ አብዮተኛ በማራ ስም ነው።

ሙንክ ራሱ ካሜራ ወደ ገነትና ወደ ሲኦል ሊገባ እስካልቻለ ድረስ ከብሩሽ ጋር አይወዳደርም ባይ ነበር፤ ሥራዎቹ ግን ይህን አባባል የሚያስተባብሉ ይመስላል። ነገረ ፍጻሜ፣ ማለትም ስለ ዓለም መጨረሻና ስለ ፍርድ የሚያስተምረው የነገረ መለኮት ክፍል፣ ገና የሚመጣውን ሲያሳስብ፣ ፎቶግራፍ በአንጻሩ በእርግጥ በብርሃን ፊት የነበረውን ብቻ ስለሚይዝ፣ መጪው አስፈሪ ፍርድ በእነዚህ ምስሎች ቀንና ቦታ ያለው የአንድ ሕመምተኛ ገላ ይሆናል። በ1930 ዓይኑ ደም ፈስሶት እይታው በታወከ ጊዜም ሙንክ ካሜራውን እንደገና ወደ ራሱ ፊት አዞረ።