ፈቃዱን መፈለግ ጊዜ ይጠይቃል



የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንሻለን ስንል፣ ብዙውን ጊዜ ውሳኔያችንን በልባችን ጨርሰን ማኅተሙን ብቻ ከእርሱ እንጠብቃለን። ያልፈለግነው መልስ ሲመጣ «ገና አልተገለጠልንም» እንላለን። ይህ ጥፋት ከምእመናን ይልቅ በእኛ በሰባኪዎች ላይ ይብሳል።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን እናስብ። እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም የተመላለሰ፣ መጻሕፍትን የመረመረ መነኩሴ ነበር። በ1841 (እ.ኤ.አ.) ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከተላኩት ጋር ሲነሣ፣ ካቶሊካዊ ለመሆን አልነበረም። ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር እስከ ሮም ደረሰ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛንም አየ። ሆኖም እዚያው አልወሰነም። ወደ አገሩ ተመልሶ መመርመሩንና መጸለዩን ቀጠለ፤ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገባው በ1844 ነው። እኛን ግን የሦስት ቀን ዝምታ ያስጨንቀናል! ከውሳኔው በኋላም መንገዱ አልቀለለለትም፤ በሰንሰለት ታስሮ ከሠራዊቱ ጋር ሲጎተት በ1855 በጉዞ ላይ ዐረፈ።

እንግዲህ ወደ ዓረብ አገር ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ ወደ ቁምስናችን የምትመጣን ልጅ ፈጥነን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አንበላት፤ «አይደለም»ም አንበላት። አስቀድመን አብረናት እንጸልይ። ደላላው የነገራትን፣ ወላጆችዋ ከእርስዋ የሚጠብቁትን፣ በጸሎት ጊዜ ሰላም የሚሰጣትንና ልብዋን የሚያውከውን በዝግታ ትንገረን። ከሳምንት በኋላም ተመልሳ ትምጣ፤ እኛም በዚያ ሰዓት በቤተ ክርስቲያን እንገኝ።