ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ አዲስ መጤው ግን ማንን ይጠርጥር?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሜሪካ ለሚገባ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚነገረው ምክር ነው። ኤርፖርት የሚቀበሉት ዘመዶቹ «ሳታጣራ በር አትክፈት፣ ማታ ብቻህን አትውጣ፣ ሰው አትመን» ይሉታል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ቁልፉንና ቦርሳውን የማይጠብቅ ሰው የትም አገር ይዘረፋል። ነገር ግን ተረቱ ጠርጥር ይላል እንጂ ማንን እንደምንጠረጥር አይነግረንም። ያንን ክፍተት አዲስ መጤው የሚሞላው ከአገሩ ይዞት በመጣው ልማድ ነው፤ በዚያ ልማድ የሚጠረጠረው እንግዳ ፊት ነው፣ የሚታመነው ደግሞ ቋንቋችንን የሚናገር ሰው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ሌላው ተረታችንም ይህንኑ ያጸናል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰውየው አደጋ በሌለበት በር ዘብ ቆሞ ያድራል፣ አደጋው በሚገባበት በር ግን ይተኛል።

ይህን ከእኛ በፊት የመጡት ስደተኞች ታሪክ ይመሰክራል። ጣሊያናዊው ስደተኛ ቻርልስ ፖንዚ እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ከሕዝብ ገንዘብ ሰበሰበ። ትርፍ የተባለው ኋላ ከመጣው ተቀብሎ ለቀደመው የሚከፍለው ነበር። ገንዘባቸውን ካስረከቡት ብዙዎቹ እንደሱው ከጣሊያን የመጡ ነበሩ፤ የአገር ልጅነቱ መታመኛ ሆኖታል። ከመቶ ዓመት በኋላም መንገዱ ያው ነው። አዲስ የመጣ ሰው እንግሊዝኛው አልጠነከረም፣ የቢሮውን አሠራር አያውቅም፣ ስለዚህ «እኔ እጨርስልሃለሁ» ላለው ወገኑ ፓስፖርቱንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ያስረክባል። በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና ያገኘ ወኪል ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው አሳስቶ የሞላው ፎርም ዳፋው ለፈረመው ይተርፋል። «ዲቪ ደርሶሃል» የሚል ኢሜይልም ውሸት ነው፤ ዕጣ መውጣቱ የሚታወቀው አመልካቹ ራሱ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ገብቶ ሲያይ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱም ዕዳ ሲኖር በአብዛኛው በፖስታ ደብዳቤ ይጀምራል እንጂ ደውሎ በስጦታ ካርድ ክፈል አይልም።

ቤት ውስጥ ስንገባ ደግሞ የሚጠረጠር ሰው እንኳ የለም። ለብዙዎቻችን ቤት መጠበቅ ማለት ሌባ መከልከል ነው፤ ከልጅነታችን የምናውቀውን ከሰል ማን ይጠረጥራል? ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ በራስ ምታትና በድካም ይጀምርና ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። በአገር ቤትም ሰው ፈጅቷል፤ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ግጥም ተደርጎ በሚዘጋ አፓርትመንት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 ሲያትል አካባቢ አውሎ ነፋስ መብራት ባጠፋ ጊዜ ቤታቸው ውስጥ ከሰል ያነደዱ ብዙ ስደተኞች ተመርዘዋል፤ የሞቱም ነበሩ። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ ማስጠንቀቂያውን በፊት ገጹ በተለያዩ ቋንቋዎች እስከ ማተም ደርሶ ነበር። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የጭስ ጠቋሚው ስለሚጮኽ ባትሪውን አውጥቶ የሚገላገል ሰውም ብዙ ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፣ መስኮት ይከፈት፣ ዕጣኑ ከጠቋሚው ይራቅ፤ ባትሪው ግን ከቦታው አይነሳ። የጭስ ጠቋሚ ሁሉ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለይምና ለእሱም ጠቋሚ መኖሩን አከራዩን መጠየቅ ይገባል።

«ወገንን ከጠረጠርን ምን ቀረን?» የሚል ይኖራል። ከባድ ጥያቄ ነው። አዲስ መጤው የመጀመሪያ ሥራውንና ማደሪያውን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከወገኑ ነው፤ ሁሉን የሚሸሽ ሰው ከዘራፊ ቢያመልጥ እንኳ ብቸኝነት ይጎዳዋል። ግን ዕቁብን እንመልከት። ዕቁብተኞች ይተዋወቃሉ፣ ይከባበራሉ፤ ሆኖም ዳኛና ጸሐፊ ይመርጣሉ፣ ዕጣ የወጣለትም ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም። ዋስ አምጣ መባልን ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ጥርጣሬው ሥርዓት ስለተበጀለት ወዳጅ ወዳጁን ሲሰልል መኖር አያስፈልገውም። ስደት ላይ ስንደርስ ግን ደረሰኝ መጠየቅ፣ የጠበቃን ፈቃድ ማጣራት፣ ያልገባንን ወረቀት አልፈርምም ማለት ነውር ሆነብን። ይህ የባህላችን ትእዛዝ አይደለም፤ ባህላችን ዋስ ይጠይቃል።

ሌላው መከራከሪያ ፖሊስን የሚመለከት ነው፤ «ብዘረፍም ፖሊስ አልጠራም» የሚል አለ። ፖሊስን መፍራት ያለ ምክንያት አልመጣም፤ አገር ቤት የታየ ነገር አለ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለውም የመባረር ስጋት አለ። ይህን ማናናቅ አልሻም። ነገር ግን ከፍርሃቱ የሚመጣውን ዝምታ ዘራፊውም ሚስቱን የሚደበድበውም አውቀው ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ በተወሰኑ ከባድ ወንጀሎች ተጎድተው ከመርማሪዎች ጋር ለሚተባበሩ ሰዎች ዩ ቪዛ የሚባል ፈቃድ ፈጥሯል፤ ለዋና አመልካቾች በዓመት 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፣ ከማመልከት በፊትም ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል። የቋንቋው ችግርም መፍትሔ አለው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. የ2004 ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪው 911 ሲደወል «አምሃሪክ» ብሎ ስልኩን ሳይዘጉ አስተርጓሚ መጠበቅ ነው። አድራሻውን ግን ደዋዩ ራሱ በእንግሊዝኛ መናገር ቢችል ጊዜ ይተርፋል፤ ስለዚህ ቤት በተገባበት ቀን የጎዳናው ስም፣ የሕንጻውና የአፓርትመንቱ ቁጥር ተጽፎ ልጆችም በሚያነቡበት ከፍታ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍ።