ለተበደለችው ጠበቃ እንሁን



እናቶቻችን የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ጎብጠው ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲወርዱ ለብዙ ዘመን አይተናል። ያን ሸክም ያየ ሁሉ ያዝናል። በየካ ቤቶች ውስጥ ግን ከዐይን የተሰወረ ሌላ ሸክም አለ፤ ይኸውም በገዛ ባልዋ የምትደበደብ ሴት ሸክም ነው። «የቤት ገመና ወደ ውጭ አይወጣም» ትባላለች። ሽማግሌ ይገባል፣ ባል ይምላል፣ ጥቂት ቆይቶም ዱላው ይመለሳል። ሽምግልና የተከበረ ባህላችን ነው፤ ነገር ግን ነፍስዋ ለአደጋ የተጋለጠችን ሴት ለደብዳቢዋ መልሶ መስጠት ዕርቅ ሊባል አይችልም።

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 13 የምናገኛትን ሶስናን እናስታውስ። ከሳሾችዋ ሽማግሎችና ፈራጆች ስለ ነበሩ ጉባኤው አምኖአቸው ሞት ፈረደባት። እግዚአብሔር ያዳናት እሳት ከሰማይ አውርዶ ሳይሆን፣ ስለ እርስዋ የሚናገርና ምስክሮቹን ለያይቶ የሚመረምር ወጣት አስነሥቶ ነው። መንፈስ ቅዱስ የሚጠራበት «ጰራቅሊጦስ» የሚለው የግሪክ ቃልም ጠበቃ የሚል ትርጉም አለው። እንግዲያስ ለተበደለ መቆም የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው።

የሀገራችን ሕግም ለዚህ መንገድ ከፍቶአል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረጋቸው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛ አካል ወይም አእምሮ ላይ በኃይል ጉዳት ማድረስ እንደሚያስቀጣ ደንግጎአል። የወንጀሉን ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ስለ ልጆች ቀለብና ስለ ንብረት ግን የሚሟገትላት ጠበቃ ያስፈልጋታል። ለአቅመ ደካሞች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ ሲሟገት ቆይቶአል።

«ጋብቻ ምስጢር ነው፤ እንዴት ትለያለች?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 864 መልስ ይሰጣል፦ አብሮ መኖርን ለትዳር ጓደኛው ወይም ለልጆቹ አደገኛ ያደረገ ሰው፣ ለሌላው የመለየት ሕጋዊ ምክንያት ይሰጣል። ይህም በጳጳሱ ውሳኔ ይሆናል፤ መዘግየቱ አደጋ ካለው ግን ተበዳይዋ በራስዋ ውሳኔ መውጣት ትችላለች። ይህ ቃል ኪዳንን ማፍረስ ሳይሆን ነፍስን ማዳን ነው። ይቅርታም ፍርድን አያስቀርም፤ ልብ ይቅር ሲል ዳኛው ሕጉን ይፈጽማል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ወደ እናንተ የመጣችውን «ታገሺ» ብላችሁ አትሸኙአት። ቁስልዋ ሳይሽር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱአትና የሕክምና ማስረጃ ትያዝ። ከፈቀደች ወደ ፖሊስ ጣቢያ አብራችሁአት ሂዱ። ያያችሁትን በፍርድ ቤት ሳትፈሩ መስክሩ፤ የነገረቻችሁን ግን በሰፈር አታውሩ። ባሎች ሆይ፣ ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ነፍሱን ሰጠ እንጂ እጁን አላነሣባትም።

ጰራቅሊጦስ አፋችንን ለእውነት ይክፈትልን። አሜን።