እቅፍና ቀበቶ

በአየር መንገዶች ደንብ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ወንበር የለውም። በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ወደ ውጭ አገር በሚደረግ በረራም ብዙውን ጊዜ ከአዋቂው ዋጋ አንድ አሥረኛው ያህል ይከፈልለታል። ሁለት ዓመት ሲደፍን ግን ወንበር ሊገዛለት ግድ ነው። በባሕር ማዶ የሚኖሩ እናቶቻችን «ሁለት ሳይሞላው ለእናቴ ላሳየው» እያሉ ወደ አገር ቤት የሚጣደፉት አንድም ለዚህ ነው።

የማውቃት አንዲት የቦዲቲ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጊፋታን ከእናቷ ጋር ለማክበር ከዋሽንግተን ስትነሳ ልጇ ገና ሃያ ወሩ ነበር። ባሏ ፈቃድ አላገኘም፤ ብቻዋን ነች። ወዳጆቿ «ገንዘብ መጣል ነው» እያሏት ለሕፃኑ ወንበር ገዛች፤ በመኪና ውስጥ የሚታሰርበትንም መቀመጫ ተሸክማ ገባች። እስከ አዲስ አበባ 13 ሰዓት ያህል ይበረራል። ልጁ ሁለቱን ሰዓት ዝም አለ፤ ከዚያ ቀበቶውን እየጎተተ ይጮህ ጀመር። አውሮፕላኑ ይናጣል፤ የቀበቶው መብራት በርቷል። ከማዶ የተቀመጡ አንዲት እናት አላስቻላቸውም።

«ምነው የኔ ልጅ? እቀፊው እንጂ! አንጀትሽ እንዴት ቻለ?»

ፈታችና አቀፈችው። ጩኸቱ ወዲያው ቆመ፤ መንገደኛውም እፎይ አለ። ከሌላ ሰው ጋር የሚጓዝ ልጅ በመያዝ ተራ ይገባል፤ ብቻውን ለተጓዘ ግን ተራው ሁልጊዜ የራሱ ነው። እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ክንዷ ላልቶ፣ የልጁ ጭንቅላት ወደ መተላለፊያው ተንጠልጥሎ አገኘችው።

እኚያ እናት ክፉ አልተናገሩም። በእኛ ዘንድ እቅፍ የፍቅር ሌላ ስሙ ነው፤ ማሰር ደግሞ የጭካኔ። ነገር ግን ክንድ የሚችለው የተወሰነ ነው። የሚበር ነገር በድንገት ሲቆም የ11 ኪሎ ሕፃን ክብደት አሥር እጥፍ ቢሆን 110 ኪሎ ነው። ይህን ያህል ይዞ የሚቀር እናት የለችም፤ የፍቅሯ ብዛትም እዚህ ላይ አይረዳትም። በአውሮፕላን ውስጥ ሻንጣው ይቆለፍበታል፣ የቡናው ጋሪ ይታሰራል። ሳይታሰር የሚቀረው ሕፃኑ ብቻ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ 19 ቀን 1989 ከዴንቨር ወደ ቺካጎ ይበር የነበረው የዩናይትድ 232 በረራ መሪው ከጥቅም ውጭ ሆኖ በሱ ሲቲ ከተማ ለማረፍ ሲሞክር ተከሰከሰ። ከ296 ሰዎች 112ቱ ሞቱ። በጭን ላይ የነበሩ አራት ሕፃናት ነበሩ። የአስተናጋጆቹ ኃላፊ ጃን ብራውን በመመሪያው መሠረት ሕፃናቱን ወለል ላይ አድርገው በትራስና በብርድ ልብስ እንዲደግፏቸው ለወላጆቹ ነገረች። ወላጆቹም የተባሉትን አደረጉ። ከአራቱ አንዱ ሞተ። ብራውን ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን የሰጠችው ሕፃናት ሁሉ የራሳቸው መቀመጫና ቀበቶ እንዲኖራቸው ለመሟገት ነው።

የአሜሪካ የአደጋ መርማሪ ቦርድ በ1990 ይኸው ግዴታ እንዲሆን ጠየቀ። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ግን አልተቀበለውም፤ በ2005 ጉዳዩን ዘጋው። ምክንያቱ የዋዛ አይደለም። ወንበር ግዙ ከተባለ አንዳንዱ ቤተሰብ በረራውን ትቶ በመኪና ይሄዳል፤ መንገድ ደግሞ ከሰማይ ይልቅ ይገድላል፤ ስለዚህ በሰማይ ከሚድኑት በምድር የሚሞቱት ይበልጣሉ የሚል ነው። ስሌቱን ለማፍረስ ብዙ አውጥቼ አውርጃለሁ፤ አልሆነልኝም። መንግሥት ሺዎችን ይቆጥራል፤ ለሺዎቹ የሚሻለውን መምረጡም ተገቢ ነው።

የሚያሳዝነኝ ግን ስሌቱ ጭኗ ላይ ለተሠራባት ሴት አለመነገሩ ነው። እሷ የምትሰማው «ተፈቅዷል» የሚለውን ብቻ ነው፤ የተፈቀደ ሁሉ ደህና ይመስላታል። ክፉው ቀን ሲመጣ የስሌቱን ባለቤት ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው የለም። ጸጸቱን ዕድሜ ልኳን የምትሸከመው የተባለችውን ያደረገችው እናት ናት። በእርግጥ ተቃራኒ ሐሳብ አለ፤ ወንበር መግዣ ለሌላት እናት እውነቱን መንገር ሰቀቀን መጨመር ነው ይባላል። ይህም እውነትነት አለው። ሆኖም ሳላውቅ በሰላም ከምተኛ አውቄ ልጄን አጥብቄ ብይዝ እመርጣለሁ፤ ሌላው ሌላ ሊመርጥ ይችላል።

ወዳጄ አዲስ አበባ ስትደርስ እናቷ መኪና ተከራይተው ሊቀበሏት መጥተው ነበር። እስከ ቦዲቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አሜሪካኖቹ የፈሩት መንገድ እንግዲህ ይኸው ነው። ልጁን መቀመጫው ላይ ስታስረው አያትየው በወላይትኛ «ምን አጠፋ?» ብለው ጠየቁ። ስለ ክብደቱና ስለ ፍጥነቱ አስረዳቻቸው። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ዓይነት ነገር ነበር። ሴትዮዋ ስምንት ልጆች በክንዳቸው አሳድገዋል። እስከ ሻሸመኔ ታገሡ። ሃላባን አልፈው ልጁ ሲያለቅስ ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ፈቱት፤ ደረታቸው ላይ ለጥፈው በነጠላቸው ሸፈኑት። ዝም አለ።

ልጅቷ እናቷን ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ሾፌሩን፣

«ወንድሜ፣ ቀስ በልልኝ» አለችው።