ጭምብል ለብሶ የመጣ በረከት

ኢም ዴ-ሆ የባንክ ሠራተኛ ነው። ያረፍዳል፤ አዲስ ደንበኛ አምጣ ሲባል ባዶ እጁን ይመጣል። አለቃው ሽንት ቤት ውስጥ አንገቱን በክንዱ ቆልፎ እስኪያጣጥር ይይዘዋል። ከዚህ ቁልፍ የሚያስመልጥ ብልሃት ፍለጋ ዴ-ሆ አንድ ያረጀ የሬስሊንግ ጂም ይገባል። እዚያ የሚፈለገው ግን ጀግና ሳይሆን ለአዲሱ ኮከብ ማድመቂያ የሚሆን አጭበርባሪ ነው። ዴ-ሆም የነብር ጭምብል ያጠልቃል።

ይህ «የፋውል ንጉሥ» ነው፤ ኪም ጂ-ዉን በአውሮፓውያኑ 2000 ያወጣው የኮሪያ ኮሜዲ። ዴ-ሆን የሚጫወተው በኋላ በ«ፓራሳይት» ዓለም ያወቀው ሶንግ ካንግ-ሆ ነው። ከ1997ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ባንኮች ተዘግተው ብዙ ሠራተኛ ተባሮ ስለነበር፣ አንገቱን የታነቀ የባንክ ሠራተኛ ለሴኡል ተመልካች እንግዳ አልነበረም። ሬስሊንጉም ትዝታ ነበረው። በ1960ዎቹ ሬስለሩ ኪም ኢል ባላንጣዎቹን በቴስታ ሲጥል ሕዝቡ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ ይጮህ ነበር።

እኔም ሥራዬ ባንክ ነው፤ እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ፊልሙን ሳይ ግማሽ ልቤ ስለ ተቀማጭ ገንዘብ አሰበ (በወር መጨረሻ «ስንት አስገባህ?» የሚል አለቃ ሴኡል ብቻ አይደለም ያለው)፣ ግማሹ ስለ ያዕቆብ።

የመጽሐፍ ቅዱስ ታላቅ ታጋይ እኮ ፋውል ሠሪ ነበር። የፍየል ጠቦት ቆዳ እጁና አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑ ለፈዘዘ አባቱ ለይስሐቅ ዔሳው ነኝ ብሎ የወንድሙን በረከት ወሰደ። ዔሳው አልቅሶ ቢለምንም ይስሐቅ የባረከውን አልሻረም። ልጆቹ ስለዚህ ምዕራፍ ሲጠይቁኝ «ማታለል ኃጢአት ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እነሱ ግን አይለቁኝም፤ ታዲያ እግዚአብሔር በረከቱን ለምን አልነጠቀውም? ይላሉ። ያዕቆብ አጎቱ ላባ ዘንድ 20 ዓመት አገልግሎ ሲመለስ፣ ያቦቅ ወንዝ ዳር ከማያውቀው ሰው ጋር ሌሊቱን ሙሉ ታገለ። ስሙን ተጠየቀ፤ ያን ጊዜ እውነተኛ ስሙን ተናገረ። (ጭኑን ያናጋችው ያቺ ንክኪ በሬስሊንግ ዳኛ ዓይን ፋውል አትሆን ይሆን? እኔ ለመዳኘት አልደፍርም።)

በውሸት መንገድ እውነተኛ ስጦታ ይገኛል? ፊልሙ ይገኛል የሚል ይመስለኛል። የሬስሊንግ ውጤት አስቀድመው የሚስማሙበት ነው፤ ወገብ ወለል ላይ ሲላተም ግን ሕመሙ በስምምነት አይቀርም። ሶንግ ካንግ-ሆ አብዛኛውን ትግል ራሱ ስለሠራው ውድቀቱ ተመልካቹን ጭምር ያሳምማል። በመጨረሻው ግጥሚያ ጭምብሉ ሲቀደድ ዴ-ሆ የተስማሙበትን ሁሉ ረስቶ የምር ይታገላል። ሰባኪ ቢያገኘው «ጭምብሉ ወለቀ፣ እውነተኛው ሰው ወጣ» ይለን ነበር። እኔ አልቀበለውም። ያን ጊዜ የታገለበትን ጉልበት ያጠራቀመው ጭምብል ለብሶ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ግን ይቆረቁረኛል፤ ታጋይ በሕጉ ካልታገለ አይሸለምም ይላል። ያዕቆብም ቢሆን በነጻ አላመለጠም፤ ላባ ራሔልን እድርልሃለሁ ብሎ በሌሊት ልያን አስገባለት፤ አታላዩ ተታለለ። ዴ-ሆ ግን ይህ ዕዳ ያለበት አይመስለኝም። የሪንጉ ተመልካች ነብሩ ሰው መሆኑን እያወቀ፣ ፋውሉን ሊያይ ከፍሎ ገብቷል። ይስሐቅ ግን ማን እንደቀረበው ደጋግሞ ጠይቆ ነበር፤ ልጁ እያወቀ ዋሸው። የባንኩ አለቃ ደግሞ ጭምብልም የለው፣ ዳኛም የለበት፤ ሽንት ቤት ውስጥ አንገት ሲያንቅ ፋውል ብሎ የሚያስቆመው ማንም አልነበረም።