ምድጃና አደራ

አንድ ቤተሰብ የሚያነደው እንጨት፣ የሚደፋው ውኃና የሚጥለው ምግብ ከእምነቱ ጋር ምን ያገናኘዋል? ነገሩ የቤት አያያዝ እንጂ የነፍስ ጉዳይ አይደለም የሚሉ አሉ። ምድር የፈጣሪ ከሆነች ግን በጓዳ ውስጥ የሚነካው ሁሉ አደራ ነው፤ አደራ የበላ ሰውም ዕቃው ትንሽ ነበር ብሎ ከወቀሳ አያመልጥም።

የክርክሩ መነሻ ኦሪት ዘፍጥረት ነው። በምዕራፍ 1 ሰው በምድርና በእንስሳት ላይ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ በምዕራፍ 2 በኤደን የሚቀመጠው ቦታዋን ሊያለማና ሊንከባከብ ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሊን ዋይት በ1967 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ የምዕራቡ ክርስትና ሰውን ከተፈጥሮ በላይ በማስቀመጡ በተፈጥሮ ላይ ለደረሰው ጥፋት ከተጠያቂነት አያመልጥም ሲል ከሰሰ። ብዙ የነገረ መለኮት ምሁራን ምዕራፍ 2ን ይዘው መለሱለት። ሙግቱ ጠቃሚ ቢሆንም ከመጻሕፍት ብዙም አልወጣም፤ ሰው ለፍጥረት ያለው አቋም የሚፈተነው ግን ጓዳ ውስጥ ነው።

በደቡብ ጎንደርና በጣና ዙሪያ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ደን ከታየ፣ መሀሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከአካባቢው የጠፉት ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ በአጸዱ ውስጥ ቀርተዋል። እነዚህን ደኖች ለዓመታት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ፣ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ ምእመናን በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠሩ ሲረዱ ቆይተዋል። ካቡ ከብት ያግዳል፤ ችግኙም ፋታ አግኝቶ ያድጋል። ከካቡ በፊት ግን ደኑን የጠበቀው እምነት ነው። ዛፉ የታቦቱ በመሆኑ መቁረጡ ነውርም ኃጢአትም ሆኖ ኖሯል።

ይሁንና ከካቡ ውጪ ያለውን እንጨት የሚያነደው ያው ምእመን ነው። ቅድስናው ካቡ ላይ ካበቃ ማዶ ያለው መሬት መራቆቱን ይቀጥላል፤ በተራቆተ መሬት መሀል የቀረ ትንሽ ደን ደግሞ ለብቻው ረጅም ዕድሜ የለውም።

ከካቡ ውጪ ያለው ጉዳይ ከሁሉ በፊት የእሳት ጉዳይ ነው። በብዙ የገጠር ቤት እንጀራ የሚጋገረው በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ነው። ምጣዱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል እንዲግል ጭራሮው በየአቅጣጫው ይማገዳል። ነበልባሉ በጉልቻዎቹ መሀል እያፈተለከ ይወጣል። ጋጋሪዋ ፊቷን ከጭሱ እያዞረች ሊጡን ከዳር ወደ መሀል ታዞራለች፤ እንጀራው ዓይን ሲያወጣ አክምባሎውን ትከድናለች፤ ሲበስል በሰፌድ አውጥታ እሳቱን እንደገና ትቆሰቁሳለች። ሊጡ እስኪያልቅ እንዲሁ ነው። በቤቱ ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም ይህ ሥራ ነው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይተካል፤ ኩበት ነደደ ማለት ደግሞ ለማሳው የሚሆነው ፍግ ነደደ ማለት ነው። «ምርጥ» በመባል የሚታወቀው ከሲሚንቶ ድብልቅ የሚሠራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል፣ የእንጀራ ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

የጭሱ ነገር ከማገዶው ቁጠባ ይበልጥ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ ብዙ ሕፃናትም ከነዚህ መካከል ናቸው። ምድጃ የቀየረ አባወራ ለዛፉ የራራውን ያህል ለሚስቱና በጀርባዋ ላዘለችው ልጅ ራርቷል።

«የአንድ ቤት እሳት ምን ያመጣል?» የሚል ሐሳብ እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሪክ ፓርፊት በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን አስተሳሰብ የሥነ ምግባር ስሌት ስሕተት አድርጎ መርምሮታል። የአንዱ ሰው ድርጊት ለብቻው የሚታይ ጉዳት ባያደርስም፣ ከብዙዎች ጋር ሲደመር ጉዳት እንደሚያደርስ ከታወቀ፣ እያንዳንዱ ሰው ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል ይላል። አዲስ አበባ ይህን በራሷ ታሪክ አይታዋለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አዲሲቱ ከተማ በዙሪያዋ ያለውን ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ጨርሳ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ያንን ደን አጠፋ ተብሎ በስሙ የሚጠራ ሰው የለም፤ እያንዳንዱ ቤት ያነደደው ለዕለት እንጀራው የሚበቃውን ነበር።

እስልምና ለዚሁ ጥርጣሬ ከስሌት የራቀ መልስ አለው። የትንሣኤ ቀን ሊቆም እንኳ ቢሆን በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው፣ ከቻለ፣ እንዲተክለው የሚያዝዝ ሐዲስ ይታወቃል። ዛፉን ማንም አይበላውም፣ ጥላውም ማንንም አያስጠልልም፤ ተካዩ ግን ግዴታውን ተወጥቷል። በውኃም በኩል፣ ነቢዩ ሙሐመድ ከጸሎት በፊት የሚደረገውን እጥበት፣ ውዱእን፣ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ተገጥሞ በሚይዘው ያህል ውኃ፣ እንደነበር ተመዝግቧል። ውኃ በጀሪካን ተቀድቶ በጀርባ በሚመጣበት ቤት የዚህን ቁጥብነት ትርጉም ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ቧንቧ ባለበት ቤት ግን ልማዱ ካልተያዘ በቀላሉ ይጠፋል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትልቁ መልስ ጾም ነው፤ እምብዛም በዚህ ዓይን ባይታይም። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታና ሌሎቹ አጽዋማት ሲደመሩ፣ ሁሉንም ለሚጾም ሰው ከዓመቱ ግማሽ በላይ ይሆናሉ። በነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል ከማዕድ ይወጡና ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይገባሉ። የቀንድ ከብት ሰፊ ግጦሽና ብዙ መኖ ይፈልጋል፤ ሚቴን የተባለውን ጋዝም ያወጣል። ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር ግን ከሥራቸው ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው አፈሩን ያዳብራሉ።

ጾም የተሠራው ግን ለጋዝ ሒሳብ አይደለም፤ ፈቃድን ለመግዛት ነው። ለተፈጥሮ የሚበጀውም ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ይህ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ጾም ይጀምራል። ወተቱ በቤት እያለ፣ እየፈለገው፣ ማንም ሳይነጥቀው ይተወዋል። የሸመታ ፍላጎት ወሰን በሌለው ዘመን «በቃኝ» ማለትን በዚህ ዕድሜ የለመደ ልጅ፣ ስለ አየር ንብረት ብዙ ትምህርት ከሰማ ሰው የበለጠ ስንቅ ይዟል። ይህን የጾም ትምህርት የሚያፈርሰው ራሱ የጾሙ ፍቺ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከጾም የተቆጠበው ለድኻ እንዲደርስ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ በብዙ ቤት ግን ለፋሲካ ድግስ ይጠራቀምና ከእንግዳው በላይ ተሠርቶ ግማሹ ይደፋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ክርስቶስ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝቡን መግቦ ሲያበቃ የተረፈውን ያስለቅማል፤ 12 መሶብም ይሞላል። ከጥቂቱ ብዙ ማድረግ የሚቻለው ጌታ ፍርፋሪ እንዲባክን አልፈቀደም። ያደረውን እንጀራ ፍርፍር የምታደርግ፣ የተረፈውን ድርቆሽ አድርጋ የምታስቀምጥ እናት የምትሠራው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከቤት የሚወጣውም ነገር ይታሰብበት ዘንድ ይገባል። በ1964 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከሚያጥቡበት በታች፣ ውኃው በሚወርድበት አቅጣጫ፣ ቀንድ አውጣዎች በእንዶዱ ሞተው ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፉ በመሆናቸው ግኝቱ በዓለም ታወቀ። የአንዲት ሴት እጥበት ቁልቁል ያለውን ሕይወት እንደሚለውጥ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ የለም። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ ከዕፅ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም። የፋብሪካው ሳሙና የሚወርደውም በዚያው ወንዝ ነው፤ ፌስታሉም እዚያው ይደርሳል። ታች ያለው ሰው ባልንጀራ ከሆነ፣ ባልንጀራን የመውደድ ትእዛዝ የእጥበቱንም ውኃ ያካትታል።

አደራው ግን ሁሉንም ቤት እኩል አይመዝንም። ኤሌክትሪክ ያለው፣ መኪና የሚነዳ፣ በየወሩ ዕቃ የሚለውጥ ቤተሰብ በጉልቻ ከሚጋግረው ይልቅ ብዙ የሚተወው ነገር አለው፤ ለድኻው ቁጠባን መስበክ ያለውን ከመንጠቅ ብዙም አይለይም። በአንድ ቤት ውስጥም ሸክሙ እኩል አይደለም። እንጨት የምትለቅመው፣ ውኃ የምትቀዳውና ጭሱን የምትተነፍሰው እናት ወይም ሴት ልጅ ናት። እህል ሲሸጥ ገንዘቡ ለቆርቆሮ ይሁን ወይስ ለምድጃ የሚለውን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ሃይማኖት በዚህ ቤት ፍትሕን ሳይጠይቅ ስለ ዛፍ ብቻ ቢናገር፣ የአደራውን ግማሽ ትቶታል።